ነጎድጓድ የሚፈራ ልጅና የቤቱ አዋቂዎች

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ልጄ አራት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ሐምሌ መግቢያ ላይ ኃይለኛ በረዶ ከነጎድጓድ ጋር የወረደ ቀን እኔ ሥራ ቦታ ነበርኩ፤ እሱ ከሠራተኛችን ጋር ቤት ነበር፤ መብራትም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ሲጠቁር ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል፤ ማታ ከእኔ ጋር ካልሆነ አይተኛም፤ ግቢ ወጥቶ መጫወትም ትቷል። አባቱ ‹ወንድ ልጅ አይፈራም› እያለ ይቆጣዋል። አብራን የምትኖረው እናቴ ጠበል ውሰጂው ትለኛለች። ሠራተኛችን ደግሞ አልበላም ሲላት ‹ነጎድጓዱን እጠራዋለሁ› ትለዋለች፤ ያን ጊዜ ቶሎ ይበላል። መስከረም ላይ መዋዕለ ሕፃናት ይገባል። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሁኔታውን በዝርዝር ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ከጻፉት እንደተረዳሁት በቤትዎ ውስጥ አንድ የፈራ ልጅ እና ለፍርሃቱ የተለያየ መልስ የሚሰጡ አራት አዋቂዎች አሉ፤ አባቱ ይቆጣሉ፣ አያቱ ጠበል ያዛሉ፣ ሠራተኛዋ በነጎድጓዱ ታስፈራራዋለች፣ እርስዎ ደግሞ አቅፈው ያስተኙታል። ነጎድጓዱን ማስቆም አይቻልም፤ መስከረም እስኪጠባም ገና ብዙ ዝናብ አለ። ሊለወጥ የሚችለው የእናንተ የአራታችሁ መልስ ነው፤ የልጁ ፍርሃት እየበረደ ወይም ሥር እየሰደደ የሚሄደውም በአብዛኛው በዚሁ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ልጁ ብቻ ሳይሆን ስለ እናንተም ነው።

ፍርሃቱ ራሱ ለዕድሜው የተለመደ ነው። ሕፃናት ከተወለዱ ጀምሮ በድንገተኛ ከፍተኛ ድምፅ ይደነግጣሉ፤ ከስምንትና ዘጠኝ ወር ገደማ ጀምሮ እንግዳ ሰው ይፈራሉ፣ ከእናታቸው ሲለዩ ያለቅሳሉ፤ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ጨለማ፣ እንስሳት፣ ነጎድጓድ እና በዓይን የማይታዩ ፍጡራን ያስፈሯቸዋል፤ ከፍ ሲሉ ደግሞ ስለ ሌባ፣ ስለ ሕመም እና ስለ ሞት መጨነቅ ይጀምራሉ። የአራት ዓመት ተኩል ልጅ አደጋን አስቀድሞ መገመት ችሏል፤ የገመተውን ከእውነተኛው መለየት ግን ገና አልተካነበትም። በዚህ ላይ የእኛ ክረምት ለዚህ ዕድሜ ልጅ ከባድ ወቅት ነው። ከቀትር በኋላ ሰማዩ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል፤ በረዶ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጡ አዋቂዎች እንኳ አይደማመጡም፤ መብራት ይጠፋል፤ ግቢው ጭቃ ስለሚሆን ልጁ ጉልበቱን የሚያወጣበት ቦታ ያጣል፤ ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ትልልቅ ልጆችም ቤት ውለው የጅብና የጭራቅ ወሬ ያወሩለታል። የልጅዎ ፍርሃት በጀመረበት ቀን ደግሞ ድምፁ፣ ጨለማው እና የእናቱ አለመኖር በአንድ ላይ ገጥመውታል። ፈሪ ሆኖ የተፈጠረ ልጅ አድርገው አይዩት፤ «ፈሪ» የሚለውም ቃል በቤቱ ውስጥ በቀልድም ቢሆን ባይነገር ይሻላል።

ዛሬውኑ መቆም ያለበት «ነጎድጓዱን እጠራዋለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ ነው። ልጁ የሚበላው ስለሚፈራ ነው፤ ጉርሻው በወረደ ቁጥርም ነጎድጓድ ሰውን ለመቅጣት የሚመጣ፣ ሲጠሩት የሚሰማ ነገር መሆኑ በልቡ ይጸናል። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ሕፃናት ስለ ደመና፣ ስለ ፀሐይ እና ስለ ነፋስ ምን እንደሚያስቡ እየጠየቀ ባጠናበት ጊዜ የተገነዘበው አንዱ ነገር፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚንቀሳቀስን ነገር ሁሉ ሕይወትና ፈቃድ እንዳለው አድርገው እንደሚያስቡ ነው። አዋቂ ሰው «እጠራዋለሁ» የሚለውን ዛቻ ብቻ መሆኑን ያውቃል፤ ልጁ ግን እንደ እውነት ይወስደዋል፣ ምክንያቱም ነጎድጓዱ በማግስቱ ሳይጠራ እንኳ ይመጣል። ያን ጊዜ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። በብዙ ቤት የሚነገረው «እግዜር ተቆጣ» የሚለው አባባልም በልጁ ዘንድ ከዚህ የተለየ ትርጉም የለውም፤ የአራት ዓመት ልጅ አንድ ሰው ተቆጣ ሲባል በእሱ ላይ የተቆጣ ይመስለዋል።

ሠራተኛዋን ግን አይውቀሷት። አብዛኞቻችን ያደግነው በአያ ጅቦ፣ በፖሊስ እና በሐኪም መርፌ እያስፈራሩን ነው፤ እሷም የሰማችውን ነው የምትለው። በእርጋታ ምክንያቱን ነግረው፣ በምትኩ ምን ማለት እንደምትችል ያሳይዋት፤ ለምሳሌ «ሁለት ጉርሻ ቀርቶሃል፤ እሱን ከበላህ ትነሣለህ» ማለት ይበቃል፤ ሁለቱን ጉርሻ ካልበላም ሳህኑ ይነሣ፣ እስከ መክሰስ ድረስ ቢርበው አይጎዳውም። ከዚያም እሷ ራሷ ልጁን ፊት ለፊት ተቀምጣ «ነጎድጓድን ማንም ሰው መጥራት አይችልም፤ እኔም አልችልም፤ ያልኩህ እውነት አልነበረም» ብትለው መልካም ነው። ይህን እርስዎ ቢነግሩት ግማሹን ያህል እንኳ አይሠራም፤ ኃይል አለኝ ያለችው እሷ ስለሆነች፣ እንደሌላት መስማት ያለበት ከእሷ ነው።

ለአባቱ የሚከተለውን ቢያነቡላቸው ደስ ይለኛል። «ወንድ ልጅ አይፈራም» የተባለ ልጅ መፍራቱን አያቆምም፤ መናገሩን ግን ያቆማል። ዛሬ ነጎድጓድ ፈራሁ ለማለት ያፈረ ልጅ፣ ነገ ትምህርት ቤት ወይም ሰፈር ውስጥ እውነተኛ ጉዳት የሚያደርስበት ሰው ቢያጋጥመው ለማን ይናገራል? ይህ ለእኔ ከነጎድጓዱ ጉዳይ ሁሉ የሚበልጥ ነው። ጀግንነቱን እንዲማር ከፈለጉም የሚማረው ከአባቱ ፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ አንድ የታወቀ ጥናት የአንድ ዓመት ሕፃናት በመስታወት በተሸፈነ፣ ከሥሩ ግን ገደል በሚመስል መድረክ ላይ እየዳሁ ወደ እናቶቻቸው እንዲሄዱ ተደርጎ ነበር። እናትየዋ ፊቷን ፈካ ስታደርግ ከ19ኙ ሕፃናት 14ቱ ተሻገሩ፤ የፈራች መስላ ስትታይ ግን ከሌሎቹ 17 ሕፃናት አንድም የተሻገረ አልነበረም። እናቶቹ አንድም ቃል አልተናገሩም። ልጅ «ይህ ነገር አደገኛ ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቀው በቅድሚያ በዓይኑ ነው፤ የተቆጣ የአባት ፊት ደግሞ ለፈራ ልጅ ሁለተኛ ነጎድጓድ ነው። አባቱ ዝናብ ሲመጣ ልጁን ይዘው በመስኮት አጠገብ ተረጋግተው ቢቀመጡ፣ በልጅነታቸው የሚፈሩት ነገር ከነበረም እንዴት እንደተዋቸው ቢነግሩት፣ ከቁጣ ሁሉ የተሻለ ያስተምሩታል።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ልጅዎን አቅፈው ማረጋጋትዎ ትክክል ነው፤ የፈራን ልጅ ማቀፍ ያሞላቅቀዋል የሚባለውን አይስሙ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ማቀፉ ላይ ሳይሆን ፍርሃቱ የሚያዘውን ሁሉ መፈጸሙ ላይ ነው። ልጁ ደመና አይቶ አልጋ ሥር ሲገባ ቤተሰቡ በሙሉ ሥራውን ትቶ ከከበበው፣ መጋረጃ ከተዘጋ፣ ግቢ መውጣት ከቀረ፣ ማታም የእናቱ አልጋ ቋሚ ቦታው ከሆነ፣ ከእነዚህ ሁሉ የሚረዳው ሁኔታው በእርግጥ አደገኛ መሆኑንና እሱም ብቻውን እንደማይችለው ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ ኤሊ ሌቦዊትዝ የሚመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው ጥናት፣ ከሰባት እስከ 14 ዓመት ያሉ በጭንቀት የሚሠቃዩ ልጆች ራሳቸው ሕክምና ሳይቀመጡ ወላጆቻቸው ብቻ ምላሻቸውን እንዲለውጡ ሲሠለጥኑ፣ ውጤቱ ልጆቹ በቀጥታ ከታከሙበት ያልተናነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የእርስዎ ልጅ ከእነዚያ ያነሰ ቢሆንም ሐሳቡ ለእሱም ይሠራል፤ ፍርሃቱን ሙሉ በሙሉ ይቀበሉለት፣ ከፍርሃቱ ማምለጫውን ግን ቀስ በቀስ ያሳንሱት።

ይህ ነጎድጓዱ በሚጮኽበት ሰዓት ምን እንደሚመስል ላሳይዎ። አልጋ ሥር ከገባ ጎትተው አያውጡት፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ይበሉና በተለመደው ድምፅዎ «ፈርተሃል፤ ድምፁ በጣም ትልቅ ነበር። ቤት ውስጥ ነን፤ እኔ እዚሁ ነኝ፤ ይጮኻል ከዚያ ያልፋል» ይበሉት። «ምንም የለም» አይበሉት፤ አንድ ነገርማ አለ፣ ጆሮው ሰምቶታል። «አይዞህ» ማለት ጥሩ ነው፤ ግን ሃያ ጊዜ በተጣደፈ ድምፅ ከተደጋገመ እርስዎም የተሸበሩ ይመስለዋል። ከዚያ እጁን ይዘው ትኩስ ሾርባ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ቀስ ብሎ በረጅሙ እንዲነፋ ያድርጉት፤ አወጣጡ ከአገባቡ የረዘመ ትንፋሽ የልብ ምትን ያረጋጋል። ሲረጋጋ፣ ቢቻል ዝናቡ ሳያባራ፣ ከአልጋው ሥር ወጥቶ አጠገብዎ እንዲቀመጥ ይጋብዙት። ዝናቡ ካባራ በኋላ ብቻ የሚወጣ ልጅ፣ ያዳነኝ አልጋው ነው ብሎ ያምናል።

ነጎድጓድ ምን እንደሆነም በልኩ ይነገረው። መብረቅ የሚያልፍበትን አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያሞቀዋል፤ አየሩ በዚያ ቅጽበት ሲለጠጥ የሚፈጥረው ድምፅ ነጎድጓድ ነው። ለልጁ «ብልጭታው አየሩን በጣም አሞቀው፣ አየሩም ጮኸ» ማለት ይበቃዋል። ብርሃኑ ወዲያው ይታያል፣ ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ስለዚህ በብልጭታውና በድምፁ መካከል ሦስት ሰከንድ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነው። አባትና ልጅ ብልጭታውን አይተው ጮክ ብለው ቢቆጥሩ፣ ድንገተኛ የነበረው ድምፅ የሚጠበቅ ይሆናል፤ ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድም ልጁ ራሱ «እየሄደ ነው» ይላል። አሥር ድረስ መቁጠር ለሚወድ ልጅ ይህ ጨዋታም ነው።

ትልቁ ሥራ ግን የሚሠራው ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ ጥንቸል የሚፈራ ከሦስት ዓመት በታች የሆነ አንድ ልጅ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉን ከሩቅ እያሳየች፣ ከቀን ወደ ቀን እያስጠጋች፣ በመጨረሻ ራሱ እንዲዳብሰው ማድረግ ችላለች። ከመቶ ዓመት በኋላም የልጆች ፍርሃት የሚታከምበት ዋናው መንገድ ይኸው ነው፤ ደስ በሚል ሁኔታ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ልጁ በሚችለው መጠን። በእርስዎ ቤት በጥሩ ጠዋት አንድ የብረት ትሪ ይዘው ከልጅዎ ጋር ወለል ላይ ይቀመጡ። አንድ ጭብጥ ሩዝ ይስጡትና ከላይ በቀስታ እንዲያፈስ ያድርጉት፤ «ካፊያ ነው» ይበሉት። ቀጥሎ ምስር፣ ብዙ አድርጎ፤ «አሁን ዶፍ ሆነ»። መጨረሻ ላይ ሽምብራ፤ «ይኸው በረዶ!» ድምፁ ትሪው ላይ ሲያንባርቅ መጀመሪያ ይደነግጥ ይሆናል፤ ግን አፍሳሹ እሱ ነው፣ ማቆምም ይችላል። በሌላ ቀን ደግሞ እርስዎ ያፍስሱና እሱ «ተው» ሲል ያቁሙ። ይህን ከለመደ በኋላ የነጎድጓድ ድምፅ በስልክ እጅግ ዝቅ አድርገው ያሰሙት፤ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ጣት የእሱ ይሁን። በአንድ ቀን አንድ እርከን ይበቃል፤ ካለቀሰም ወደ ቀደመው እርከን ይመለሱ እንጂ ጨዋታውን በልቅሶ አይዝጉት።

ቡሄም እየመጣ ነው። ነሐሴ 13 ከመድረሱ በፊት ባሉት ቀናት በየሰፈሩ ጅራፍ ይጮኻል፤ ለልጅዎ ይህ ሌላ ድንጋጤ ሊሆን ይችላል፣ በአግባቡ ከተያዘ ግን ጥሩ አጋጣሚ ነው። ትልቅ ልጅ ጅራፉን ሲያጮህ ከሩቅ ይመልከት፤ እጁ እንዴት እንደሚሽከረከር፣ ጫፉ መቼ እንደሚጮህ ይይ፤ ከቀናት በኋላ ለእሱ ቁመት የምትሆን አጭር ጅራፍ አባቱ ቢገምዱለት በራሱ እጅ ድምፅ ማውጣት ይማራል። ጅራፉ የደብረ ታቦርን ድምፅ፣ ችቦው ደግሞ ብርሃኑን ያስታውሳል የሚለውን አያቱ ሲነግሩት፣ ነጎድጓድና መብረቅ ከቁጣ ውጪ ሌላ ታሪክ እንዳላቸው ይሰማል።

የአያቱን ነገር ካነሳሁ፣ ጠበሉን ወይም ጸሎቱን አልቃወምም። ዝናብ ሲመጣ ከአያቱ ጋር በእርጋታ የሚደገም አጭር ጸሎት ልጁን ያረጋጋዋል። ጥያቄዬ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛ፣ ልጁ በሚሰማበት ቦታ «አንድ ነገር ይዞታል» አይባል፤ ሁለተኛ፣ ሳይነገረው በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ አይፍሰስበት፤ በድንጋጤ የመጣን ፍርሃት በሌላ ድንጋጤ ማውጣት አይቻልም።

እንቅልፉን በተመለከተ ከአልጋዎ በአንድ ሌሊት አያስወጡት። መጀመሪያ እርስዎ ወደ እሱ ክፍል ይሂዱ፤ ፍራሽ አንጥፈው ከአልጋው አጠገብ ለጥቂት ሌሊት ይተኙ። ቀጥሎ እንቅልፍ እስኪወስደው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ወንበሩን በየሁለት በየሦስት ቀኑ ወደ በሩ ያሽሹ። ከዚያ «መጥቼ አይሃለሁ» ብለው ይውጡ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላም በእርግጥ ይምጡ፤ ሳይጠራዎ መምጣትዎ ነው እምነት የሚሰጠው። መብራት የሚጠፋባቸው ቀናት ስላሉ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ መብራት እጁ በሚደርስበት ቦታ ትቀመጥ፤ ሻማ ለዚህ አይሆንም። ሌሊት ነጎድጓድ ቀስቅሶት ወደ እርስዎ ከመጣ አይቆጡት፤ ይዘውት ወደ አልጋው ይመለሱና እዚያው ያረጋጉት።

አንዳንድ ፍርሃት ግን ሊከበር ይገባዋል። መብረቅ ሜዳ ላይና ዛፍ ሥር ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ነጎድጓድ ሲሰማ ወደ ቤት መግባት፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ያህል መቆየት የቤቱ ሕግ ይሁን፤ ሕጉ ለአባትም ለእናትም የሚሠራ መሆኑን ልጁ ሲያይ ነገሩን እንደ ጥንቃቄ ይወስደዋል። ጎርፍም እንዲሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ እንዲህ ያለ ነገር በደረሰበት ቤት ያደገ ልጅ ዝናብ ቢፈራ የሩዝና የሽምብራ ጨዋታ አይበቃውም። የተኩስና የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰምተው ያደጉ፣ ተፈናቅለው የመጡ ልጆችም ነጎድጓዱን ሲሰሙ የሚያስታውሱት ሌላ ነገር ነው፤ እነሱ ከመጀመሪያው የባለሙያ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል። ይህን የማነሳው ሠራተኛችሁም ሆነች የጎረቤት ልጅ እንዲህ ያለ ታሪክ ሊኖራቸው ስለሚችል ነው።

ለልጅዎ ባለሙያ መቼ እንደሚያስፈልገው ልንገርዎ። ባለሙያዎች የአንድን ነገር ፍርሃት እንደ ሕመም የሚቆጥሩት ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሲዘልቅና የልጁን ኑሮ ሲያውክ ነው፤ የእርስዎ ልጅ ገና እዚያ አልደረሰም። ጥቅምትና ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ደመና እየፈለገ ሽቅብ የሚያይ ከሆነ፣ ምግብ ቀንሶ ከከሳ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ከቻለ በኋላ እንደገና ማታ መሽናት ከጀመረ፣ ወይም ከቤት አልወጣም ካለ ግን ስድስት ወር አይጠብቁ። ነጎድጓዱን ብቻ ሳይሆን የጁስ መፍጫውን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ውሃ እና የሰው ጫጫታውን ሁሉ መቋቋም የማይችል፣ በዚያም ላይ ንግግሩ ከእኩዮቹ የዘገየ ልጅ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ የሕፃናት ሐኪም ይየው፤ ምክንያቱ ከፍርሃት የተለየ ሊሆን ይችላል።

መዋዕለ ሕፃናቱን አያዘግዩበት። በመስከረምም ዝናብ ስለሚኖር ከመምህርቷ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ቤት ውስጥ የምትሉትን ያችኑ አጭር ንግግር እሷም እንድትለው፣ ነጎድጓድ ሲሰማ አብሯት እንዲቆጥር፣ በሌሎቹ ልጆች ፊትም «ፈሪ» እንዳይባል ይንገሯት። ከመከፈቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ክፍሉንና ግቢውን አንድ ሁለት ቀን ቢያሳዩት፣ ከተቻለም አንዱን ቀን ካፊያ ባለበት ሰዓት ቢወስዱት፣ የመጀመሪያው ዝናብ በማያውቀው ቤት አያገኘውም።